አጭሩ ዘፈን

ሲረል ሆብዴይ ዘፋኝ ነኝ ባለበት ዘመን ሁለት ስም ነበረው። በብስኩት ፋብሪካው፣ በእናቱ ቤትና በሰፈሩ ሲረል ነው። ባስቀረጸው አንድ የሙዚቃ ሸክላ ላይ ግን «ሬክስ ፍሊንት» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ዳብኒ ነው። «ሲረል ለሚባል ሰው ብላ ራሷን የምትስት ኮረዳ እስካሁን አልተወለደችም» አለውና በዚያው ጸደቀ። እናቱ ይህን ስትሰማ፣ «የአያትህን ስም ምን አደረጋችሁት?» ብላ አኩርፋ ሰነበተች።

በሸክላው አንደኛ ወገን «ልቤ ፍሬን የለውም» የሚል ዘፈን አለ። ሮካቢሊ ነው፤ ያ ከአሜሪካ ገጠር ተነስቶ የለንደንን ጎረምሳ ሁሉ ያሳበደው፣ ጊታሩ የሚንገጫገጭበት፣ ባስ የሚሉት ቁመተ ረጅም ባለ ክር መሣሪያ በመዳፍ እየተጠፈጠፈ የሚመታበት፣ ዘፋኙም ስቅታ እንደያዘው ሰው ድምፁን የሚቆራርጥበት ዓይነት። በሁለተኛው ወገን ያለውን ተዉት። ሚስተር ዳብኒ ራሱ ሰምቶ አልጨረሰውም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዘፈኑ አጭር ነው፤ ከማጠሩ የተነሣ ሻይ እንኳ አማስሎ አያስጨርስም። ጥፋቱ የባስ ተጫዋቹ ነው። ባሱ ከራሱ ከሰውዬው ይረዝማል። ታክሲ አይችለውም፤ ከአውቶቡስ ትኬት ቆራጮችም መካከል «ና ግባ፣ ደረጃው ሥር ሸጉጠው» የሚለው አንድ ደግ ሰው ብቻ ነው። የዚያ ሰው ተራ ደግሞ ወደ ማታ ያበቃል። እናም የተቀረጹ ዕለት ባስ ተጫዋቹ ዓይኑን ከግድግዳ ሰዓቱ ላይ ሳይነቅል እየጋለበ መታው፤ ከበሮ መቺው ተከተለው፤ ሲረልም ምን ያድርግ፣ እየሮጠ ዘፈነ። ሲያበቁ ድምፅ ቀራጩ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ፣ «ይኼው ነው? አለቀ?» አለ። አለቀ። ባስ ተጫዋቹ አውቶቡሱ ላይ ደረሰ።

ሸክላው ወጣ። ሬዲዮ አላነሳውም፤ ጋዜጣም አልጠቀሰውም። ሚስተር ዳብኒ ስልክ ሲደወልለት «ስብሰባ ላይ ነው» ማስባል ጀመረ። ሲረልም ወደ ብስኩቱ ተመለሰ።

አንድ ቀን ግን ሌን ፓርጌተር ወሬ ይዞለት መጣ። ሌን የእህቱ የዶሪን እጮኛ ነው። ሞተር ብስክሌት ይጠግናል፤ ሞተር ይጋልባል፤ ስለ ሞተር ያወራል፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ለዶሪን ይሰጣል። «ቀለበት መንገዱ ዳር ያለውን የሚስስ ክላተርባክን ሻይ ቤት ታውቀው የለ?» አለው እየሣቀ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ያለው ጁክቦክስ፣ ያ በሳንቲም ሸክላ የሚያጫውተው ማሽን፣ ካንተ ሸክላ ሌላ አያውቅም። ልጆቹ ሳንቲም ሲጨምሩበት ነው የሚውሉት።»

የሲረል ልብ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ያለችውን አንዲት ጃኬት አድርጎ ከሌን ጋር ሄደ። ሻይ ቤቱ በከባድ መኪና ሾፌሮችና ጥቁር የቆዳ ጃኬት በለበሱ ሞተረኞች ጢም ብሏል። አንዱ ጎረምሳ ወደ ጁክቦክሱ ሄዶ ሳንቲሙን ጣለ፤ ቁልፉን ተጫነ። የሲረል ጊታር ግርር ሲል ልጁ በሩን በርግዶ ወጣ። ሞተሩ አጓራ፤ ሄደ። የቀሩት ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደፉ። ዘፈኑን የሚሰማ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም መንገዱን ነው የሚያየው። ዘፈኑ ሲያበቃ ጂንጅ የሚሉት ቀይ ጸጉራም ልጅ እጁን ከፍ አድርጎ፣ «አለቀ» አለ። ትንሽ ቆይቶ የሄደው ልጅ እየተራገመ ተመለሰ። ሌላው ተነሣና ሳንቲም ጣለ።

«ምን እየሆነ ነው?» አለ ሲረል ጂንጅን።

«እሽቅድምድም ነዋ። ሳንቲም ትጥላለህ፣ ወደ ሞተርህ ትሮጣለህ፣ በባቡር ድልድዩ ሥር አልፈህ፣ አደባባዩን ዞረህ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ እዚህ መገኘት ነው።»

«ታዲያ ለምን በዚህ ዘፈን?»

«አጭር ስለሆነ ነው፣ ወንድሜ። በሌላው ዘፈንማ አያቴም ደርሳ ትመለሳለች። ይኼን እስካሁን የቀደመው የለም።»

«ዘፈኑስ ራሱ እንዴት ነው? ጥሩ ነው?»

ጂንጅ አሰብ አደረገ። «እንጃ። እኔ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ነኝ።»

ሌን በሣቅ እየፈረሰ፣ «ዘፋኙ እኮ እሱ ነው» ብሎ አጋለጠው። ያን ጊዜ የሳቁት ሣቅ እስከ መንገዱ ተሰማ። ጀርባውን መቱት፤ ሻይ ጋበዙት፤ «አቦ፣ ምን አለበት አንዲት ስንኝ ብትጨምርልን ኖሮ» እያሉ አሾፉበት። ሲረል መናደድ ይገባው ነበር። አልተናደደም። እንዲያውም ደስ አለው፤ ይኼን መደበቅ ምን ያደርጋል? ጁክቦክሱ ሸክላውን እየፋቀ በመጨረሱ ኩባንያው ሌላ አስመጣ፤ በቀለበት መንገዱ ያሉ ሌሎች ሻይ ቤቶችም ይጠይቁት ጀመር፤ ሚስተር ዳብኒም ከስብሰባው ወጥቶ ራሱ ደወለ።

ከዚያ አንዱ ልጅ ድልድዩ ሥር ያለው መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ሁለት እግሩን ሰበረ። ሆስፒታል ተኝቶ እያለ እንኳ «በስንት ስንኝ ተቀደምኩ?» ይል ነበር አሉ። ሲረል ያንን ሰማ። ግን ዝም አለ። ሰው የራሱ ዘፈን ሲፈለግ ዝም ማለት ይቀለዋል።

ዝም ያላለችው ዶሪን ናት። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲገባ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ቆማ ጠበቀችው።

«ሌን ቅዳሜ ሊሄድ ነው» አለችው። «በሰው ሁሉ ፊት ተናግሯል። ዘፈኑን የምቀድመው የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሏል።»

«አነጋግሪዋ።»

«አላነጋገርኩትም መሰለህ? ለመንኩት። አለቀስኩ። ቀለበቱን ልመልስልህ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ካፈገፈገ ሞተሩ ላይ ያንን ቀዩን የለማጅ ምልክት እንደሚያስሩበት ታውቃለህ፤ እሱ ከዚያ ሞት ይሻላል ባይ ነው። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ሲረል። ሰርግ እንጂ ሌላ ነገር እንድናዘጋጅ አልፈልግም።»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዘፈኑ ያንተ አይደለም?» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ሲረል አርብ ዕለት ሚስስ ክላተርባክ ዘንድ ሄደ። ወፍራም፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የማይከፋ ሴት ናት።

«ሸክላዬን ያውጡልኝ» አላት።

«ጁክቦክሱ የኩባንያው ነው፤ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ፣ ገመዱን ይንቀሉት።»

«እነቅላለሁ። ከዚያ ወዴት የሚሄዱ ይመስልሃል? እታች ያለው ሻይ ቤት። እዚያም አንተ አለህ። እዚያ ደግሞ አንዱ ቢወድቅ ስሙን የሚያውቅ፣ እናቱ ዘንድ ሰው የሚልክ የለም። እዚህ ቢያንስ እኔ አለሁ።»

ሲረል ከዚያ ሌንን ራሱን ጋራዡ ሄዶ አነጋገረው። ሌን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አንተ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ወግነህ መጣህ?» አለው። «ይልቅ ደስ ይበልህ። ዘፈንህን የሚቀድመው የገዛ አማችህ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያካፋ ውሎ አባራ። አስፋልቱ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ሻይ ቤቱ ሞልቷል። ዶሪን አልመጣም ብላ ነበር፤ መጥታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሌን ጓንቱን እያጠለቀ ተነሣ። ጂንጅ ሳንቲሙን ይዞ ወደ ጁክቦክሱ ሲያመራ ሲረል ጊታሩን አንግቶ በሩን ከፍቶ ገባ።

«ሳንቲምህን አስቀምጥ» አለው። «እኔ እያለሁ ማሽን ምን ይሠራል? ሌን ዛሬ የሚጋልበው እኔ ራሴ በአፌ እየዘፈንኩለት ነው።»

ሻይ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። «ይገባዋል!» አለ አንዱ። «ይሄማ ታሪክ ነው» አለ ሌላው። ሌንም ፈገግ አለ፤ ኩራቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ክብር ለማንም አልተደረገም። ሕጉ ያው ነው፣ ዘፈኑ ሳያልቅ መመለስ።

ሲረል እስከ ሞተሩ ሸኘው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጆሮው ሥር ተጠጋና፣ «ሌን፣ ስማኝ። አንተ እስክትመለስ ዘፈኑ አያልቅም» አለው።

«ማለት?»

«ማለቴማ ይኸው ነው። ድልድዩ ሥር ስትደርስ ቀስ በል። ብትፈልግ እየገፋኸው ና። አያልቅም።»

ሌን ትክ ብሎ አየው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ ሞተሩን ረገጠ።

ሲረል ተመልሶ ጊታሩን ግርር አደረገ። ሞተሩ አጓርቶ ወጣ፤ ድምፁ በመንገዱ ላይ እየቀጠነ ጠፋ። ሲረል ልክ እንደ ሸክላው፣ በዚያው ሩጫ ጀመረ።

«ልቤ ፍሬን የለው፣ መንገዱ ቁልቁለት፣
በርሽን ክፈቺው፣ ልገባ ነው ድንገት።»

ያለውን ስንኝ ሁሉ ዘፈነው። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ጂንጅ «አለቀ» ሊል እጁን አነሳ። ሲረል ግን የመዝጊያውን ምት አልመታም። ዓይኑን ጂንጅ ላይ ተክሎ ቀጠለ።

«የጂንጅ ጎማ አልቆ መላጣ ሆኗል፣
ከአባቱ ራስ ጋር ተመሳስሎብኛል።»

የጂንጅ እጅ አየር ላይ ቀረች። «ይሄ ሸክላው ላይ የለም» አለ። ማን ሊሰማው? ቤቱ በሣቅ ፈርሷል። የልጁን አባት የማያውቅ አልነበረም። ሲረል ወደ ባንኮኒው ዞረ።

«የሚስስ ክላተርባክ ሻይዋ የጠቆረ፣
ማንኪያ ቢያቆሙበት ተገትሮ ቀረ።»

«ውለታ ቢስ፣ በነፃ እየጠጣህ» አለች ሚስስ ክላተርባክ፤ ግን የሻይ ትሪውን አንስታ በመዳፏ ትመታው ጀመር። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጠረጴዛውን እየጠፈጠፈ የባሱን ቦታ ያዘ። ሲረል ስለ ሾፌሩ ቦርጭ ዘፈነ፤ ስለ ትኬት ቆራጩ ደግነት ዘፈነ፤ ስለ ሚስተር ዳብኒ ስብሰባ ዘፈነ። ከየት እንደሚመጣለት እሱም አያውቅም።

ሌን ግን አልተመለሰም።

እስካሁን ከሄዱት ሁሉ በጣም ቀርፋፋው እንኳ ይኼን ጊዜ ተመልሶ ሻዩን ይዟል። ሣቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲረል እየዘፈነ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ሰምቶኝ ከሆነ ይዘገያል። ካልሰማኝም፣ ድልድዩ ሥር ወድቆ ከሆነም፣ ይዘገያል። ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ጣቱ ክሩ ላይ ተላጠ፤ ድምፁ ሻከረ። ፍርሃት እንዲህ አድርጎ ይዞት አያውቅም። ቢያቆም ደግሞ ቃሉን ማፍረሱ ነው፤ ሌን ወዲያ ማዶ በሕይወት ካለ ያለው በዚህ ቃል ነው። ስንኝ ሲያልቅበት አዝማቹን ደገመው፤ እንደገና ደገመው።

ጂንጅ የራስ ቁሩን አነሳ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ሄጄ ልየው» አለ።

«ማንም አይሄድም» አለች ዶሪን። ከመስኮቱ አልዞረችም። «ዘፈኑ አላለቀም።»

ከዚያ መዝፈን ጀመረች። ዶሪን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አፏን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዜማውንም አልያዘችውም። ግን ዘፈነች። ሚስስ ክላተርባክ ተከተለቻት፤ ሾፌሩ ተከተለ፤ በመጨረሻ ቆዳ ለባሾቹ ሁሉ ተከተሉ። ሲረል የራሱን ድምፅ ከመካከላቸው መለየት አቃተው።

መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። እጇን መስታወቱ ላይ ጣለች። ከዚያ ሁሉም ሰሙት፤ እያጓራ አይደለም፤ ወተት አከፋፋይ የሚነዳው ይመስል ዝግ ብሎ ድክ ድክ እያለ ነው የሚመጣው። መብራቱ ታየ። ሌን ሞተሩን አጥር ጥግ አቆመ፤ ጓንቱን አወለቀ፤ መነጽሩን ጠራረገ፤ ገባ። ሰው ሁሉ ይዘፍናል።

«አላለቀም?» አለ።

ጂንጅ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አላለቀም» አለ። «ደርሰሃል። ይህን ዘፈን የቀደምክ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ፣ አንተ ሞኝ።»

«ይኼማ ማጭበርበር ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሕጉ ምንድን ነው? ዘፈኑ ሳያልቅ መመለስ። ተመለሰ። ሕጉን ስትቀይር ንገረኝ» አለው ጂንጅ።

ሌን ቀጥ ብሎ ዶሪን ፊት ቆመ። ጊታሩ አሁንም እየሄደ ነው፤ ሲረል ለማቆም አልደፈረም።

«የወንድምሽን ነገር ችላ ብዬ በሙሉ ፍጥነት ነበር የወጣሁት» አላት። «ሁላችንም ስንጋልብ በልባችን እንዘፍነዋለን፤ ምን ያህል እንደቀረን የምናውቀው በዚያ ነው። አደባባዩን ዞሬ ስመለስ፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ በልቤ አለቀብኝ። ተሸነፍኩ አልኩ። መንገዱ ውኃ ነው፤ እንደዚያው ብገባበት አልወጣም ነበር። ከዚያ ወንድምሽ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ አያልቅም ያለኝ። እንግዲያስ ብዬ እኔም አንዲት ስንኝ ጨመርኩበት። እሷን ሳስተካክል ነው የቆየሁት።»

«በላ» አለች ዶሪን። «አሰማን።»

ሌን ጆሮው ድረስ ቀላ። ጎረምሶቹን አየ፤ ወለሉን አየ። ሲረል ጊታሩን ዝቅ አደረገለት። እናም ሌን ፓርጌተር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ እንዲህ አለ፦

«ድልድዩ ሥር ሆኜ ፍሬኔን ያዝኩልሽ፣
ሻዩ ቢቀዘቅዝም ይኸው ደረስኩልሽ።»

ዶሪን ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሲረል የመዝጊያውን ምት መታና ጊታሩን አስቀምጦ እጁን እያየ ተቀመጠ። ሚስስ ክላተርባክ ቅቤ አምጥታ ጣቶቹን ስትቀባለት፣ «ከሸክላው ይልቅ ይኼኛው ይሻላል» አለችው።

ሚስተር ዳብኒ ከዚያ በኋላ ብዙ አልደወለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲረል ከፋብሪካ አምሽቶ ወደ ሻይ ቤቱ ሲደርስ አንድ ሞተር ከበሩ ተፈትልኮ አለፈው። ውስጥ ሸክላው እየዞረ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የገዛ ድምፁን ሰማ፤ ያ ሩጫ፣ ያ ችኮላ። አለቀ። የጁክቦክሱ ክንድ ተነሣና ቤቱ ጸጥ አለ። ሲረል በሩ ላይ እጁን እንደጣለ ቀረ፤ ልጁ ገና አልተመለሰም።

ከባንኮኒው ጀርባ ሚስስ ክላተርባክ ስለ ጎረቤቷ ድመት አንዲት ስንኝ አወጣች። የጠረጴዛው ጥፍጠፋ ተከተላት። ጂንጅ ስለ አለቃው ጨመረ፤ ሌንም ስለ ሰርጉ ልብስ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ አዝማቹን ያዙት። መንገዱ ላይ ያለው ልጅ ጊዜውን ወስዶ ይምጣ፤ የሚያስቸኩለው የለም። ሲረል በሩን ከፍቶ ገባና፣ ግጥሙን የማያውቀውን የራሱን ዘፈን አብሯቸው ዘፈነ።